የባሕር ውኃ ወደ አሲድነት ማዘንበልና በባሕር ፍጥረቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

መግቢያ

ከምድራችን ገጽ ከመቶ 71 እጅ ያህሉን የሸፈነው ባሕር ነው። በዚህም ሰፊ ውኃ ውስጥ፣ በዓይን ከማይታዩት ደቂቅ ፍጥረቶች ጀምሮ እስከ ዓሣ ነባሪ ድረስ፣ ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይኖራሉ። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ሰውነታቸውን የሚጠብቁት ራሳቸው በሚሠሩት የኖራ ቤት ነው። የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎሉን፣ ኮራል ድንጋይ መሳይ አጥንቱን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከሌላ ስፍራ ሳይሆን ከሚኖርበት ውኃ ነው። ስለዚህ የውኃው ጠባይ ሲለወጥ የእነዚህ ፍጥረቶች ቤት አብሮ ይናጋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ይህ ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ፣ የትኞቹን ፍጥረቶች እንደሚጎዳና ምን ሊደረግ እንደሚቻል በአጭሩ ለመግለጽ ነው። በውስጡ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምናልባት፣ «አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትምና ይህ ትምህርት ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። በመቀሌ አካባቢና በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አገሩን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው። ድንጋዩን ቀርቦ የተመለከተ ሰው በውስጡ የዛጎል ቅርጽ ያገኛል። እንግዲህ የባሕር ፍጥረቶች ሥራ በተራራዎቻችን ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። ከዚህም በላይ የባሕሩን ጠባይ የሚለውጠው አየር ወሰን የለውም፤ ሁላችንም የምንተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

1. አሲድ፣ ቤዝና የፒ ኤች መለኪያ

ሎሚና ኮምጣጤ የሚጎመዝዙት አሲድ ስላለባቸው ነው። ሳሙናና የአመድ ውኃ ግን በተቃራኒው ቤዝ ናቸው። አንድ ፈሳሽ ከሁለቱ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል የሚለካበትን መሥፈርት በ1909 ዓ.ም. ያወጣው ሶረንሰን የተባለ የዴንማርክ ኬሚስት ነው። መሥፈርቱም ፒ ኤች ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 14 ይቈጠራል፤ 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች ያለው አሲድ፣ ከ7 በላይ ያለው ቤዝ ነው። ይህ ቍጥር የሚያሳየን በፈሳሹ ውስጥ ያለውን የሃይድሮጅን አዮን ብዛት ሲሆን፣ አዮኑ ሲበዛ ቍጥሩ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። ፒ ኤች እንደ ሜትር በእኩል እርምጃ የሚሄድ መሥፈርት አይደለም። አንድ ደረጃ በወረደ ቍጥር የሃይድሮጅን አዮን ብዛት በዐሥር እጥፍ ያድጋል። የባሕሩ የላይኛው ውኃ ፒ ኤች ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 8.2 ያህል ነበር፤ ዛሬ ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። ልዩነቱ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ይመስላል፤ በሃይድሮጅን አዮን ብዛት ሲቈጠር ግን ከመቶ 25 እስከ 30 የሚደርስ ጭማሪ ነው። የሰውን ደም ለምሳሌ ብንወስድ፣ ፒ ኤቹ 7.4 ያህል ነው፤ ከ7.35 በታች ሲወርድ ሐኪሞች እንደ ሕመም ይቈጥሩታል። እንግዲህ ለሕያው አካል አንድ ዐሥረኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

«የባሕር ውኃ ወደ አሲድነት አዘነበለ» ስንል ግን ባሕሩ እንደ ሎሚ ጎመዘዘ ማለታችን አይደለም። ውኃው ዛሬም ቤዝ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚሄድ ሰው ገና ደጋውን ሳይጨርስ «ወደ ቆላ እየወረደ ነው» እንደሚባል ሁሉ፣ አነጋገሩ የሚያመለክተው መድረሻውን ሳይሆን የጕዞውን አቅጣጫ ነው።

2. ከአየር ወደ ባሕር

የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። በዛሬው ጊዜ ከዚህ ዓይነቱ ማቃጠል ብቻ በየዓመቱ ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ይወጣል። ደን መጨፍጨፍና ሲሚንቶ መሥራትም በዚህ ላይ ይጨምሩበታል። ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሩብ ያህሉን የሚውጠው ባሕር ነው። ባሕር ይህን ባያደርግ ኖሮ የአየሩ ሙቀት ከአሁኑ ይልቅ በጨመረ ነበር። ነገር ግን የዋጠው ጋዝ በከንቱ አይቀመጥም።

ነገሩን ለመረዳት የአምቦ ውኃን ማስታወስ ይበቃል። ጠርሙሱ ሲከፈት የሚፈላው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገውም ጋዙ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ካርቦኒክ አሲድ ስለሚሆን ነው። በባሕርም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ሂደቱ በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

አንደኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ካርቦኒክ አሲዱ ተለያይቶ የሃይድሮጅን አዮንና ባይካርቦኔት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ከተለቀቀው የሃይድሮጅን አዮን ብዙው በባሕሩ ውስጥ ካለው ካርቦኔት ጋር ይያያዝና ያንንም ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ደረጃ ነው። የባሕር ፍጥረቶች ዛጎላቸውን የሚሠሩት ካልሲየምንና ካርቦኔትን አዋሕደው ካልሲየም ካርቦኔት በማድረግ ነው። ካልሲየም በባሕር ውስጥ ሞልቷል፤ ካርቦኔት ግን በሃይድሮጅን አዮን እየተነጠቀ ያንሳል። ቤት የሚሠራ ግንበኛ አሸዋው ተከምሮለት ሳለ ድንጋዩን ሌላ ሰው ቀድሞ እየወሰደበት ቢቸገር፣ የእነዚህ ፍጥረቶች ችግር እንደዚያው ነው። እጥረቱ እጅግ ሲበረታ ደግሞ አዲስ መሥራት አስቸጋሪ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተሠራውም መሟሟት ይጀምራል።

ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ ይልቅ ጋዝ አምቆ ይይዛል። የአምቦ ውኃ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ጋዙ ቶሎ የሚያመልጠው ስለዚህ ነው። በዚህም ምክንያት በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢ ያሉት ባሕሮች ከሌሎቹ ቀድመው ይጎዳሉ።

3. በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሙከራ

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ ከማንበብ በዓይን ማየት ይሻላል። ጥቂት ኖራ በውኃ በጥብጦ ማስቀመጥ፣ ሲረጋም ከላይ የጠራውን ውኃ ወደ ብርጭቆ መገልበጥ ነው። ከዚያም በመቃ ትንፋሽን ወደ ውኃው ቀስ አድርጎ መንፋት ይገባል። (ውኃውን ወደ አፍ መሳብ ወይም ወደ ዓይን ማስረጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ኖራ ያቃጥላል። ስለዚህ ሙከራው መምህር ባለበት ይሠራ።) በትንፋሻችን ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኖራው ጋር ሲዋሐድ ውኃው ወተት ይመስላል። ያ ነጭ ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይኸውም የዛጎልና የኮራል ዋና ንጥረ ነገር ነው።

ብዙ ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ያቆማሉ። ነገር ግን መንፋቱን ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ፣ ጥቂት ቈይቶ ነጩ ደመና ይገፈፍና ውኃው እንደ ገና መጥራት ይጀምራል። የተጨመረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራውን ካልሲየም ካርቦኔት መልሶ አሟሟው ማለት ነው። በባሕር ላይ የሚያሰጋን ነገር በዚህ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተጠቃሎ ይታያል።

በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻም የዚሁ ምስክር ነው። ዋሻው የተፈለፈለበት ድንጋይ በጥንት ባሕር ውስጥ የተሠራ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩንም ቀስ በቀስ ያሟሟው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘው የወይብ ወንዝ ውኃ ነው። ባሕር የሠራውን ጎምዛዛ ውኃ አፈረሰው።

4. ለውጡ እንዴት ታወቀ

ቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1958 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴት በማውና ሎዋ ተራራ ላይ በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት 280 ያህል እንደ ነበረ፣ በበረዶ ውስጥ ታሽጎ ከቈየ የጥንት አየር ተረጋግጧል። በ2023 ዓ.ም. ግን ከ420 አልፏል። በዚያው በሃዋይ አጠገብ ባለው ባሕር ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይቋረጥ የተደረገው ልኬት ደግሞ፣ በአየር ውስጥ ያለው ጋዝ ሲጨምር የባሕሩ ፒ ኤች አብሮ እንደሚወርድ አሳይቷል። ሁለቱ መሥመሮች፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተሥለው ሲታዩ ነገሩ ለክርክር የሚመች አይደለም።

5. በባሕር ፍጥረቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሀ/ የባሕር ቢራቢሮዎች። እነዚህ እንደ ምስር ፍሬ ያሉ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እግራቸው እንደ ክንፍ ስለ ተዘረጋ በውኃ ውስጥ የሚበርሩ ይመስላሉ። ዛጎላቸው ስስና የሚያሳልፍ ሲሆን፣ የተሠራውም አራጎናይት ከተባለውና ቶሎ ከሚሟሟው የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ነው። በ2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት፣ እነዚህ ፍጥረቶች ካርቦኔት ባነሰበት ውኃ ውስጥ ሲቀመጡ በ48 ሰዓት ውስጥ ዛጎላቸው መበላት እንደ ጀመረ ገልጿል። ይህ በላቦራቶሪ የሆነ ነው። በ2008 ዓ.ም. ግን በደቡብ ዋልታ አካባቢ ከሚገኘው ባሕር በሕይወት የተያዙት የባሕር ቢራቢሮዎች በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩ፣ ዛጎላቸው ተቦርቡሮ ተገኘ። ሳልሞንን የመሰሉ ዓሦች፣ የባሕር ወፎችና ዓሣ ነባሪዎች እነዚህን ይመገባሉ። ስለዚህ የትንሹ ጉዳት በትንሹ ላይ ብቻ አይቀርም።

ለ/ ኦይስተር። ይህ ሁለት ክዳን ያለው የዛጎል ዓይነት ሲሆን፣ በብዙ አገር ለምግብ ይረባል። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፣ በኔታርትስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ዊስኪ ክሪክ የሚባል የኦይስተር ማራቢያ አለ። በ2007 ዓ.ም. በዚህ ማራቢያ የሚፈለፈሉት እጮች በጅምላ ያልቁ ጀመር። ሠራተኞቹ በመጀመሪያ የጠረጠሩት ባክቴሪያን ነበር፤ ውኃውን አጣርተው ባክቴሪያውን ቢቀንሱም እልቂቱ አልቆመም። በኋላ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ውኃውን በለኩ ጊዜ ምክንያቱ ተገኘ። በበጋ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የባሕሩን የላይኛ ውኃ ከዳር እየገፋ ሲወስደው፣ ከሥር ቀዝቃዛና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውኃ ይወጣል። እጮቹ ያልቁ የነበረው ይህ ውኃ ወደ ገንዳው በገባ ቍጥር ነው።

የኦይስተር እጭ የመጀመሪያ ዛጎሉን የሚሠራው በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ገና መመገብ ስላልጀመረ፣ ያለው ኃይል ከእንቍላሉ የወረሰው ስንቅ ብቻ ነው። ካርቦኔት ሲያንስ ዛጎሉን ለመሥራት የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል፤ ስንቁም ሳይመገብ ያልቅበታል። እንግዲህ የሚሞተው ዛጎሉ ስለ ሟሟ ብቻ ሳይሆን፣ ቤቱን ሲሠራ ስለ ተራበም ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ዕውቀት ተገኘ። ውኃው ወደ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ፒ ኤቹ ይለካል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሶዲየም ካርቦኔት ይጨመርበታል። (ይህ በአገራችን በአብያታ ሐይቅ ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሶዳ ነው።) ደግሞም የባሕር ሣርና አልጌ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ብርሃን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሲመገቡ ስለሚውሉ፣ ገንዳውን በማለዳ ከመሙላት ይልቅ ከቀትር በኋላ መሙላት እንደሚሻል ታወቀ። በዚህ ዓይነት ማራቢያው ከመዘጋት ዳነ። ነገር ግን ይህ ለገንዳ የሚሆን መድኃኒት ነው፤ በሰፊው ባሕር ውስጥ ለሚኖሩት ማን ሶዳ ይበትንላቸዋል?

ሐ/ ኮራል። ኮራል በሞቃት ባሕር ውስጥ ተሰብስበው የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት የሚሠሩት የድንጋይ ከተማ ነው። የባሕሩን ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሸፍን ሲሆን፣ ከባሕር ፍጥረት ዓይነቶች ሩብ ያህሉ በአንድ ወቅት ይጠለሉበታል። በ2016 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በዋን ትሪ ደሴት አንድ ያልተለመደ ሙከራ ውጤቱ ታተመ። ሊቃውንቱ በኮራሉ ላይ በሚያልፈው ውኃ ላይ ቤዝ ጨምረው፣ ፒ ኤቹን ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ወደ ነበረበት በመለሱት ጊዜ የኮራሉ የግንባታ ፍጥነት ከመቶ 7 ያህል ጨመረ። ይህም ጉዳቱ ወደፊት የሚመጣ ብቻ ሳይሆን የደረሰም መሆኑን አሳየ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በተቃራኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምረው በዚህ ምዕት ዓመት መጨረሻ ሊመጣ የሚችለውን ውኃ ቢያሳልፉበት፣ ግንባታው ከመቶ 34 ቀነሰ። የባሕር ሙቀት መጨመር ኮራልን ማንጣቱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳት ነው፤ የሁለቱም ምንጭ ግን አንድ ነው።

መ/ ሁሉም እኩል አይጎዳም። እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳቱ ለሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት 18 የዛጎልና የቅርፊት ባለቤቶችን መርምሮ፣ የ10ሩ ግንባታ ሲቀንስ የ7ቱ ግን በአንዳንድ ደረጃ እንደ ጨመረ፣ አንዱም ምንም እንዳልተለወጠ አግኝቷል። ከጨመሩት መካከል ሸርጣን ይገኛል። የባሕር ሣርም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምግቡ ስለ ሆነ ይጠቀማል። ስለ ዓሦች ደግሞ፣ የማሽተት ችሎታቸው ይታወካል፣ ከጠላታቸውም መሸሽ ያቅታቸዋል የሚሉ ጥናቶች ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ወጥተው ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. የታተመ ሰፊ ምርመራ ግን ሙከራዎቹን ደግሞ ቢሠራ ያን ውጤት አላገኘም። ከዚህ የምንማረው፣ ሳይንስ የሚታመነው አንድ ሰው ስለ ተናገረ ሳይሆን ሌላው ደግሞ ሠርቶ ሲያረጋግጠው መሆኑን ነው።

6. ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ላቦራቶሪ

በኢጣልያ በኢስኪያ ደሴት፣ ካስቴሎ አራጎኔሴ በሚባለው ምሽግ ሥር፣ ከባሕር ወለል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ አረፋ እየተንተከተከ ይወጣል። ከአረፋው ርቆ ያለው ውኃ እንደ ሌላው ባሕር ነው፤ ወደ አረፋው በቀረቡ መጠን ፒ ኤቹ ይወርዳል። ስለዚህ ከዳር ወደ መካከል መዋኘት ከዛሬ ወደ ነገ እንደ መጓዝ ነው። በ2008 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንደ ገለጸው፣ ወደ አረፋው ሲቀርቡ ኮራልና እሾሃማዎቹ የባሕር ጃርቶች ይጠፋሉ፤ የቀንድ አውጣዎች ዛጎል ተበልቶ ይታያል፤ የባሕር ሣሩ ግን ለምልሞ ይገኛል። በፓፓዋ ኒው ጊኒም በሚሊን ባሕረ ሰላጤ እንዲህ ያለ ስፍራ አለ። በዚያም ቅርንጫፍ ያላቸው ኮራሎች አንሰው ደብልቡሎቹ ብቻ ሲቀሩ፣ ፒ ኤች ከ7.7 በታች በወረደበት የኮራል ግንብ ጨርሶ አይሠራም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ዛሬው መለቀቁ ከቀጠለ፣ የባሕሩ ፒ ኤች እስከ 2100 ዓ.ም. ድረስ ወደ 7.8 ወይም ወደ 7.7 ሊወርድ እንደሚችል ይገመታል። ስለዚህ የእነዚህ ሁለት ስፍራዎች ምስክርነት ቀላል አይደለም።

7. ምን ይደረግ?

ዋናው መድኃኒት የበሽታውን ምንጭ መቀነስ ነው፤ ይኸውም ከሰልና ነዳጅ ማቃጠልን አሳንሶ በውኃ፣ በነፋስና በፀሐይ ኃይል መጠቀም ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ዓ.ም. ባወጣቸው የልማት ግቦች ውስጥ የባሕርን ወደ አሲድነት ማዘንበል መቀነስ አንዱ ሆኖ ተጽፏል። አገራችን ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው የምታገኘው ከወንዞቿ ስለ ሆነ በዚህ በኩል መልካም መንገድ ይዛለች።

ሁለተኛው፣ በባሕር ዳር ያለውን የቈሻሻ ፍሳሽ መከልከልና የባሕር ሣርን መጠበቅ ነው። እነዚህ ዓለምን ባያድኑም አንዳንድ ስፍራዎችን ያግዛሉ።

ሦስተኛው፣ መፍጠን ነው። ባሕር የዋጠውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወለሉ ባለው ካልሲየም ካርቦኔት ቀስ በቀስ ማርከስ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ በሺህ የሚቈጠር ዓመት ይፈጃል። ከ56 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ብዙ ካርቦን ወደ አየር ተለቅቆ ባሕሩ ወደ አሲድነት ባዘነበለ ጊዜ፣ በጥልቁ ወለል ከሚኖሩት ባለ ዛጎል ደቂቅ ፍጥረቶች ብዙው ዘር ጠፍቷል። የዛሬው ካርቦን የሚለቀቅበት ፍጥነት ደግሞ ከዚያን ጊዜው ይበልጣል።

ማጠቃለያ

ባሕር ለብዙ ዘመን የሰውን ጥፋት ዝም ብሎ ሲሸከም ኖሯል። ዝምታው ግን ምንም አልሆነም ማለት እንዳልሆነ፣ እንደ ምስር የምታንሰው ቀንድ አውጣ በተቦረቦረ ዛጎሏ ታስረዳናለች። ባሕር አይተን የማናውቅ ተማሪዎች ብንሆንም፣ የኖራ ውኃና መቃ ካለን ነገሩን በገዛ ትንፋሻችን መመርመር እንችላለን። የሚያውቅ ሰው ለሚመጣው ይዘጋጃል፤ የማያውቅ ግን ሲደርስበት ይደነግጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ የተማረውን ለቤተ ሰቡና ለጓደኛው ቢያስረዳ ትንሽ ሥራ አይደለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ፈሳሽ ፒ ኤች ከ8 ወደ 7 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮኑ ብዛት በስንት እጥፍ ያድጋል?

2. በኖራ ውኃው ሙከራ ነጩ ደመና በመጀመሪያ ለምን ታየ? በኋላስ ለምን ጠፋ?

3. የዋልታ ባሕሮች ከሞቃቶቹ ባሕሮች ቀድመው የሚጎዱት ስለ ምንድር ነው?

4. የኦይስተር ማራቢያው ሠራተኞች ገንዳቸውን በማለዳ ከመሙላት ይልቅ ከቀትር በኋላ መሙላትን ለምን መረጡ?

5. የባሕር ሣር ሲለመልም ኮራል የሚጠፋበትን ምክንያት በአምስት መሥመር ግለጽ።